«አብሪ» ወይስ «ፍሎረሰንት»? ስለ አንድ የፕላዝሚድ መግለጫ ትርጉም

ለአስተያየት የቀረበልን የትርጉም ሥራ፣ የሰውን አክቲን ከአረንጓዴው ፍሎረሰንት ፕሮቲን ጋር አጣምሮ በሕዋስ ውስጥ ለማሠራት የሚያገለግል የአንድ ፕላዝሚድ መግለጫ ነው። ተርጓሚው «ፕላዝሚድ» የሚለውን ቃል እንዳለ መቀበላቸው ያስመሰግናቸዋል። ጆሹዋ ሌደርበርግ እ.ኤ.አ. በ1952 ቃሉን ሲያወጡት ከክሮሞዞም ውጭ ያለውን ማናቸውንም የውርስ ነገር ያመለክት ነበር፤ ዛሬ ግን ራሱን ችሎ የሚባዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ዲኤንኤ ማለት ነው። ይህን የመሰለውን የፍቺ መጥበብ በአማርኛ ሥርወ ቃል መከተል ባልተቻለም ነበር። ሂሳችን የሚያተኩረው በሌሎች ሦስት ቃላት ላይ ነው።

የመጀመሪያው «ፍሎረሰንት» ለሚለው የተሰጠው «አብሪ» ነው። ቃሉ ለጆሮ የቀለለ ቢሆንም፣ አማርኛ ተናጋሪ «አብሪ» ሲባል የሚረዳው እንደ አብሪ ትል ከራሱ ብርሃን የሚያወጣውን ነው። ይህ ፕሮቲን ግን ሰማያዊ ብርሃን ካልተላከበት አረንጓዴውን አይሰጥም። ልዩነቱ ፕሮቲኑ በተገኘበት ጄሊፊሽ ላይ ጎልቶ ይታያል። ኦሳሙ ሺሞሙራና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ይፋ ባደረጉት ሥራ ከዚሁ እንስሳ ኤኩዎሪን የተባለ ሌላ ፕሮቲን አውጥተዋል፤ እርሱም ካልሲየም ሲያገኝ በራሱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። እንግዲህ «አብሪ» ለኤኩዎሪን ይስማማል፤ ለሁለቱም ከዋለ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል። «አብሪ» ብሎ የተማረ ተማሪ፣ ሕዋሱን በጨለማ ተመልክቶ ምንም ባላየ ጊዜ፣ ደኅናውን ሙከራ ከሽፏል ብሎ ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛው «ፕላዝሚዱ ፕሮቲኑን ይገልጻል» የሚለው ነው። መግለጽ የነበረውንና የተሸፈነውን ማሳየት ነው። እዚህ ግን ፕሮቲኑ አስቀድሞ የለም፤ የዲኤንኤው ትእዛዝ ወደ አርኤንኤ ተቀድቶ በሪቦሶም ላይ እንደ አዲስ ይሠራል። ፕሮቲኑ በፍሎረሰንት መለያው አማካይነት የሚታይ በመሆኑም፣ አንባቢው «ተገለጸ» መባሉ መሠራቱ ይሁን መታየቱ ሊለይ አይችልም። «ማሠራት» ቢባል ይሻላል።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይከብዳል። መነሻው ፕላዝሚድ «ፒኢጂኤፍፒ-ኤን1» ይባላል። «ኤን» የፕሮቲን ሰንሰለት የሚጀመርበትን ጫፍ የሚያመለክት ስለሆነ፣ ተርጓሚው «መለያው በአክቲኑ መነሻ ጫፍ ላይ የተቀጠለ» ብለዋል። በዚህ ስም ግን «ኤን» የሚቆጠረው ከአረንጓዴው ፕሮቲን በኩል ነው፤ አክቲኑ ከእርሱ መነሻ ላይ ስለሚገባ፣ መለያው የሚውለው በአክቲኑ መድረሻ ጫፍ ላይ ነው። የመለያው ቦታ የፕሮቲኑን ጠባይ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ይህን መግለጫ አምኖ የሚሠራ ተመራማሪ ውጤቱን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉማል።

የአገር ቃል መመረጡን አንቃወምም፤ «መለያ»፣ «መነሻ»፣ «መድረሻ» የሚሉት ጥሩ አድርገው ያገለግላሉ። ነገር ግን ባዕድ ቃል የማያውቀውን አንባቢ እንዲጠይቅ ሲያደርገው፣ ያለቦታው የገባ የአገር ቃል ያወቀ እያስመሰለ ያሳስተዋል። ስለዚህ «ፍሎረሰንት» ባለበት ይቆይ እንላለን።