ግላመር፦ ከሰዋስው የወጣ አስማት

ዛሬ «ግላመር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲነሳ ወደ አእምሮ የሚመጣው የፊልም ተዋናይ፣ የፋሽን መጽሔትና የሽቶ ማስታወቂያ ነው። በመነሻው ግን የሰዋስው መጠሪያ ነበር። «ግራመር» የሚለው ቃል በስኮትላንዳውያን አንደበት የመጀመሪያው «ር» ወደ «ል» ተለውጦበት «ግላመር» ሆነ። ብዙዎች ይህን ያልተማረ ሕዝብ ያበላሸው ቃል አድርገው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። የድምፁ ለውጥ ተራ ነገር ይሆናል፤ የትርጉሙ ለውጥ ግን ፊደል ያልቆጠረው ሰው ስለ ፊደል አዋቂው የሰጠው ምስክርነት ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሰዋስው ተማረ ማለት ላቲን ተማረ ማለት ነበር። ላቲን ደግሞ የቅዳሴው፣ የመሬት ሰነዱና የሕጉ ቋንቋ ነው። ገበሬው ርስቱ የማን እንደሆነ የሚወስነውን ብራና ማንበብ አይችልም፤ አንዱ ገልጦ የማይገባውን ቃል ሲያነበንብለት ግን ኑሮው ይለወጣል። ከዚህ የበለጠ ድግምት ከየት ይመጣል? ፈረንሳዮችም ከዚያው ሥር የድግምት መጽሐፍ የሚጠሩበትን «ግሪምዋር» አውጥተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ አገር አንደበት ስሕተት አይደለም።

ለዚህ ከማይክል ስኮት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። እኚህ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ ምሁር በስፔን ቶሌዶ ተቀምጠው ከዐረብኛ ወደ ላቲን ይተረጉሙ ነበር፤ የአርስቶትል ሥራዎችና የኢብን ሩሽድ ማብራሪያዎች በእጃቸው አልፈዋል። በኋላም በንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ገጣሚው ዳንቴ ግን በሥራው ሲኦል ውስጥ ከጠንቋዮች ጋር አስቀመጣቸው፤ በአገራቸው አፈ ታሪክም ሰይጣን አዝዘው የኤይልደንን ተራራ ከሦስት ያስከፈሉ ሆነው ቀሩ። ተርጓሚው በሕዝብ አፍ ደጋሚ የሆነበት መንገድ፣ ሰዋስው ግላመር የሆነበት መንገድ ነው።

ቃሉን ከስኮትላንድ አውጥቶ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ሁሉ ያዳረሰው ዋልተር ስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ባሳተመው ስለ መጨረሻው አዝማሪ በሚተርክ ረጅም ግጥም ውስጥ፣ የማይክል ስኮት የድግምት መጽሐፍ ሜልሮዝ ገዳም ካለው መቃብራቸው ይወጣል። አንድ ድንክ አሽከር መጽሐፉን ከፍቶ አንዲት አጭር ድግምት ብቻ እንዳነበበ ይዘጋበታል። ያቺ አንዲት ድግምት ግን የሸረሪት ድርን የአዳራሽ ጌጥ፣ የእረኛን ጎጆ ቤተ መንግሥት ታስመስላለች። አሽከሩ የቆሰለ ባላባት ይዞ በዘቦች ፊት ሲያልፍ ዘቦቹ ያዩት ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ነው። ባላባቱ አልተለወጠም፤ የተያዘው የዘቦቹ ዐይን ነው። የቃሉ ጥንተ ትርጉም ፍሬ ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ይህ «አፍዝ አደንግዝ» ይባላል፤ ያውቃል ተብሎ የሚጠረጠረውም ቅኔና ዜማ የጠነቀቀው ደብተራ ነው። «አስማት» ራሱ በግእዝ «ስሞች» ማለት መሆኑ ስመ ኃያላንን አንብቦ የመጥራት ኃይል እዚህም ምን ያህል ይፈራ እንደነበር ያሳያል።

ከዋልተር ስኮት ቀደም ብሎ ገጣሚው ሮበርት በርንስ እ.ኤ.አ. በ1789 ስለ ጥንታዊ ቅርስ ሰብሳቢው ካፒቴን ግሮዝ በጻፈው ግጥም «ግላመር»ን እና «ግራመር»ን በተከታታይ ስንኞች ቤት አስመትቷቸው ነበር። የመጀመሪያውን ለጂፕሲዎች፣ ሁለተኛውን ለሲኦል ትምህርት ሰጥቶ ወንድማማቾቹን ጎን ለጎን አቆማቸው። ከዚያ ወዲህ ተለያዩ፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ቀረ፣ ሌላው ሆሊውድ ገባ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፎቶ አንሺው ጆርጅ ሁሬል የሆሊውድ ኮከቦችን በብርሃንና በጥላ ሲቀርጽ፣ በኔጌቲቩ ላይ ደግሞ በእርሳስ የፊት መስመር ይጠፋና ቆዳ ይለሰልስ ነበር። ይህም ተምረው የሚያውቁት ሙያ ነው፤ ይህም ዐይን ይይዛል። ተመልካቹ ግን ውበቱን የተዋናይዋ አድርጎ ይቆጥረዋል እንጂ ባለ እርሳሱን አያስበውም። የስኮትላንዱ ገበሬ «ግላመር» ሲል ቢያንስ የሚደግም ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ቃሉ ያንን ሰው ከትርጉሙ ያስወጣው በእኛ ዘመን ነው።