ወንድንና ሴትን ስለሚለይ አነጋገር

ቋንቋ የአሳብ ልብስ ነው፤ ልብስም ለለባሹ ልክ ካልሆነ ያደናቅፋል። በዛሬው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ የሚታየው «አመልካቹ/ቿ»፥ «ሠራተኛው/ዋ» የሚባለው አጻጻፍ እንዲህ ያለ ልብስ ነው። አሳቡስ መልካም ነው፤ ሴትን በወንድ ጥላ ሥር ላለመሰወር ነውና። ነገር ግን ለዓይን እንጂ ለአንደበት አልተሠራም፤ በጉባኤ መካከል ቆሞ የሚያነብ ሰው ከዚያች ጭረት ሲደርስ ይሰናከላል።

ሁለተኛው ልማድ በወንድ አነጋገር ጽፎ ሴትንም ይጨምራል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ7ኛው አንቀጽ በወንድ ጾታ የተነገረው ሴትንም እንደሚያጠቃልል ደንግጓል። ይህ ለሕግ ይበቃል፤ ዳኛ ይተረጉመዋልና። ለደብዳቤና ለመጽሐፍ ግን አይበቃም፤ አንባቢዪቱ በየዐረፍተ ነገሩ «ይህ ለእኔም ነው» እያለች ራስዋ መተርጐም ይኖርባታልና።

ሦስተኛው አዲስ ቃል መፍጠር ነው። ስዊድኖች ለወንድ «ሃን»፥ ለሴት «ሁን» ይላሉ፤ ሁለቱን የማይለየውን «ሄን» ደግሞ የስዊድን አካዳሚ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 በቃላት መዝገቡ አገባው። የእነርሱ ግሥ ጾታን ስለማይለይ አንዲት ቃል በቃቻቸው። በአማርኛ ግን ጾታ በግሡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተውላጠ ስም ባይነገር እንኳ «መጣ» እና «መጣች» ይለያያሉ። ስለዚህ አዲስ ተውላጠ ስም ቢፈጠር ግሡ ያጋልጠዋል።

መድኃኒቱ ግን ከቤት አለ። ግዕዝ በዐሥሩ መራሕያን ውስጥ ብዙዎችንም በጾታ ይለያል፤ ለወንዶች «ውእቶሙ መጽኡ»፥ ለሴቶች «ውእቶን መጽኣ» ይላል፤ ለቅርብም «አንትሙ» እና «አንትን» አለው። አማርኛ ይህን ልዩነት ትቶ «እነርሱ መጡ»፥ «እናንተ መጣችሁ» ብሎ አንድ አደረገው። በአክብሮትም «እርሳቸው መጡ» ሲባል አባትም እናትም ይሆናሉ። እንግዲህ «አማርኛ ጾታን ሳይለይ መናገር አይችልም» የሚለውም፥ «ይህ ነገር ከባዕድ የመጣ ነው» የሚለውም፥ ሁለቱም የገዛ ቋንቋቸውን አልመረመሩም።

ይህም መንገድ ያለ ዕዳ አይደለም። ብዙ ቍጥር አንዱን ሰው በሕዝብ መካከል ይሰውረዋል፤ አክብሮትም ለሁሉ ቢታደል ክብሩ ይቀላል፥ ባልንጀሮችንም ያራርቃል። ስለዚህ ጸሐፊ ቦታውን ይምረጥ። ለማስታወቂያ «ሠራተኛው/ዋ ይፈርማል/ትፈርማለች» ከማለት «ሠራተኞች ይፈርማሉ» ይበል፤ ላልታወቀ ሰው በሚላክ ደብዳቤ «እርስዎ» ይበል፤ አድራጊው በማያስፈልግበት «መፈረም ይገባል» ይበል። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ተለይተው በሚታወቁበት ስፍራ ግን ልዩነቱን መሸሽ ነገርን ማደብዘዝ ነው።

የቅኔ ተማሪ በአንድ ቃል ሁለት ፍች መያዝን ከጕባኤ ቤት ይማራል። «መጡ» የምትለውም አንዲት ቃል ወንድንና ሴትን፥ ብዙውንና የተከበረውን አንድ ሰው በአንድነት ትይዛለች። ይህን የመሰለ ሀብት ያለው ጸሐፊ ከጭረት ሊለምን አይገባውም።