ምክሩ ደረሰን፣ ጥያቄው ቀረብን

በአገራችን አነጋገር «አትፈላሰፍብን» ማለት «ዝም በል» እንደ ማለት ነው። «ሐተታ አታብዛ»ም እንዲሁ። በግዕዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ሲሆን በእኛ አፍ ግን ቃሉ የነገር መንዛዛት ስም ሆኖ ቀርቷል። ውድ አንባቢያን ስለ ጥንት የግሪክ ፈላስፎች እንድንጽፍ ጠይቃችሁናልና፣ ነገሩን ከዚሁ ከራሳችን ቋንቋ ብንጀምረው ይሻላል ብለናል። ለመሆኑ እነዚያ ሰዎች ወደ እኛ ሲመጡ ምን ይዘው መጡ?

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የሚባል መጽሐፍ አለን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና ካሳተሟቸው አምስት ጥራዞች የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት በዚሁ መጽሐፍ ላይ ነው። ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን፣ አርስጣጣሊስ ሁሉም በውስጡ አሉ። ንጉሥን ይመክራሉ፤ ስለ አንደበት መቆጠብ፣ ስለ ወዳጅ፣ ስለ ሞት ይናገራሉ። ምክሩ ያማረ ነው፤ ልጆቻችን ቢያጠኑት ደስ ይለናል። ነገር ግን እነዚህ ጠቢባን የአገራችንን የቆሎ ተማሪ መምህር መስለው የቀረቡ ናቸው። ደቀ መዝሙሩ ይጠይቃል፣ መምህሩ ይመልሳል፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ተማሪው «በምን አወቅህ?» ብሎ መምህሩን የሚያፋጥጥበት መጽሐፍ አይደለም። ከሶቅራጥስ በፊት የነበሩት ፈላስፎች ዋና ጥያቄም በዚያ መንገድ አልደረሰንም።

ጥያቄው ምን ነበር? ይህችን ጽሑፍ የምንገለብጥበት ካትዌ፣ ካምፑን ብቻ ለምታውቁ እንንገራችሁ፣ በካምፓላ ከተማ ብረት ቀጥቃጮች የሞሉበት ሰፈር ነው። አሮጌ በርሜል ጠዋት ይገባል፤ ማታ የከሰል ምድጃ ወይም ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ምድጃው ሲያረጅ ደግሞ ተመልሶ ወደ መዶሻው ይመጣል። በርሜሉ ጠፋ እንበል? መልኩ ጠፋ እንጂ ብረቱማ አለ። የሚሊጢኑ ታሌስ በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ መላው ዓለም የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ መልኩ ሁሉ ሲለዋወጥ ሥር ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው? መልሱ ውሃ ነው አለ። ዛሬ ይህ መልስ ሕፃን ልጅንም አያሳምን። ለእኛ ለመምህራን የሚደንቀው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የዚያው ከተማ ሰው አናክሲማንድሮስ፣ የታሌስ ተማሪ ነበር የሚባለው፣ ውሃ አይደለም፣ ወሰንና ስም የሌለው ሌላ ነገር ነው አለ። አናክሲሜነስ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ አየር ነው አለ። ተማሪ መምህሩን አፈረሰ፤ ትምህርቱ ግን አልፈረሰም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ስናስተምር የታሌስን ስም ሸምድዶ የሚጽፍ ሠልጣኝ አጥተን አናውቅም፤ አናክሲማንድሮስን የሚመስል ግን ለማግኘት ብርቅ ነበር።

ሄራቅሊጦስን እንለፈው፤ የወንዙን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ፓርሜኒደስ ግን የእውነት መንገድና የሰው ግምት መንገድ ሁለት ናቸው ብሎ ለየ። «የሪሴትልመንት ስም ወጣ» የሚል ወሬ ከቤት ቤት ሲሮጥ ላየ የካምፓችን ሰው፣ ይህን ልዩነት ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ክሴኖፋነስ ነው። አገሩ ኮሎፎን በፋርስ ሠራዊት እጅ ስትወድቅ ወጣት ሳለ ተሰደደ፤ በሲሲሊና በደቡብ ጣልያን ሲንከራተት ኖረ። በዘጠና ሁለት ዓመቱም ገና እየዞረ እንደነበር ራሱ በግጥሙ ነግሮናል። ይህ ስደተኛ ስማችንን ጠርቶናል። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ፣ የትራቂያ ሰዎች ደግሞ ዓይነ ሰማያዊና ጠጉረ ቀይ አድርገው ያስባሉ አለ። በሬና ፈረስም እጅ ቢኖራቸው አምላክን በራሳቸው መልክ ይሥሉት ነበር ሲል ጨመረበት። ስድብ አይደለም፤ ግሪኮቹንም አልማረም። ከቀዬው ያልወጣ ሰው የመንደሩን ልማድ የዓለም ጠባይ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሦስት አገር ሰው በአንድ ቧንቧ ተሰልፎ ውሃ ሲጠብቅ ግን ይህን ጥያቄ ሳይወድ ይጠይቃል።

ያው ጥያቄ በግዕዝ የተጠየቀው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» በሚባለው መጽሐፍ ነው። ባለ ታሪኩ የአክሱም አካባቢ ሰው ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በሃይማኖት ክርክር ተከስሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። በዚያም፣ ሁሉም የእኔ እምነት እውነት ነው ሲል ፈራጁ ማን ነው? ብሎ ጠየቀ፤ ምርመራውንም ለልቡና ሰጠ። ክሴኖፋነስን ያነበበ አይመስልም፤ ስደት ግን ሁለቱን አንድ ትምህርት ቤት አስገብቷቸዋል።

ችግሩ፣ ስለ እውነት የሚጠይቀው ይህ መጽሐፍ ራሱ እውነተኛ ነው ወይ ተብሎ መጠየቁ ነው። መጽሐፉን አግኝቼ ነው ብሎ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ አውሮፓ የላከው ጣልያናዊው ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ጁስቶ ራሱ ነው አለ፤ ከማስረጃዎቹም አንዱ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ምስክርነት ነበር። ሰምነር የቃላቱን አጠቃቀም ቆጥረው የኢትዮጵያዊ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ራሳቸውም በስደት የኖሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ የኮንቲ ሮሲኒን ወገን ይዘው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ ዘርዓ ያዕቆብ በእርግጥ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጽሑፉን ግን ጁስቶ ሳይነካካው አልቀረም ወደ ማለት መጡ።

እኛን የሚያስቸግረን በየሻይ ቤቱ የምንሰማው ክርክር ነው። አንዱ «የእኛ ነው፣ አበቃ!» ይላል፤ ሌላው «ኢትዮጵያዊ ይህን አይጽፍም» ይላል። ሁለቱም መጽሐፉን አልከፈቱም። በእጁ የሐተታው የአማርኛ ትርጉም ያለው ሰው ካለ ለአንድ ሳምንት ያውሰን፤ የዋሻውን ክፍል ገልብጠን በሚቀጥለው ዙር እናዞራለን።