የጓሳ ጠባቂዎች ድምፅ

የመንዝ ጓሳን ሽማግሌዎች ትዝታ በመቅረጫ የሚያስቀር ሰው ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ብርዳም ደጋ፣ የአቅኚዎቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሜዳቸውን ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። አለቃ ይመርጡ፣ ሣሩ እስኪደርስ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉ፣ ሰርቆ ያጨደውንም ይቀጡ ነበር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚታዩት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በዘር የሚወረሰውን የአጽመ ርስት ይዞታ ሲያስቀር ሥርዓቱም አብሮ ተናጋ። ከዚያ በፊት ጥበቃ የወጡት ወጣቶች ዛሬ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ናቸው።

አንድ አባት ሲቀረጹ አጠገባቸው ነበርኩ። ሲያወሩ እጃቸው ሥራ አልፈታም፤ የጓሳ ሣር እያራሱ ገመድ ይገምዱ ነበር። «አባባ፣ ሜዳው ስንት ዓመት ይዘጋ ነበር?» ሲባሉ ቁጥር አልጠሩም። ቀና ብለው የሣር ጣሪያቸውን አዩና «ይህ ክዳን እስኪያረጅ» አሉ። እንዲህ ያለው መልስ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ጥናቶች ደንቡን ጽፈውታል፤ የሌሊት ጥበቃውን ብርድ፣ ሣር ሲያጭድ የተገኘ የገዛ ዘመድን መያዝን ግን የሚያውቀው ያየው ሰው ነው።

እናቶችም ይጠየቁ፤ የአስታ ቁጥቋጦ ለማገዶ የተሸከሙት እነሱ ናቸውና የትኛው ጥግ መቼ እንደተራቆተ ያስታውሳሉ።

ቅጂውን ማታ መልሼ ሰማሁት። ከአባባ ድምፅ ሥር የሣሩ ኮሽታ ሳይቋረጥ ይሰማል።