የኤልያስ ቁጥቋጦ፦ ከሮቴም ወደ ክትክታ

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከቤርሳቤህ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ከዘለቀ በኋላ ሞቱን የለመነው በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ቁጥቋጦ ክትክታ ይለዋል። ዕብራይስጡ ግን ሮቴም ይለዋል፤ ዐረቦች ዛሬም ረተም የሚሉት፣ በሲናና በኔጌቭ አሸዋማ ሸለቆዎች የሚበቅል፣ ነጭ አበባ የሚያወጣ የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው። ክትክታ ከዚያ ቤተሰብ አይቆጠርም። ስለዚህ በዕፅዋት ሊቅ ሚዛን ትርጉሙ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ የቁጥቋጦ የወል ስም የሚይዘው ዝርያውን ሳይሆን ሰው ከተክሉ ጋር ያለውን ኑሮ ነው። በዚህ ሚዛን የአማርኛው ተርጓሚዎች ክትክታን በመምረጣቸው አይወቀሱም፤ የሚወቀሱበት ቦታ ሌላ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ቁጥቋጦዎች ስም ከሰው ኑሮ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንግሊዞች ብሩም የሚሉት ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ቅርንጫፉ እየታሰረ ቤት ይጠረግበት ስለነበር፣ በኋላ መጥረጊያው ራሱ በተክሉ ስም ተጠራ። የስፔኑ ሬታማ ከዐረብኛው ረተም የተወሰደ ሲሆን፣ ዛሬ በአገሩ የሚጠራበት አንድ ተክል ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ በርካታ ቁጥቋጦዎች ስሙን ይጋሩታል። ሳይንሱም ቢሆን ከሕዝቡ ስም አላመለጠም። በየመን ሕይወቱ ያለፈው የዕፅዋት ተመራማሪ ፔተር ፎርስኮል፣ እ.ኤ.አ. በ1775 በታተመው ሥራው ይህን የበረሃ ተክል ሲሰይም ዐረቦቹ የሚጠሩበትን ቃል ወደ ላቲን ስሙ አስገብቶታል።

ተርጓሚዎች ሮቴም ላይ ሲደርሱ መንገዳቸው ተለያየ። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም በመጀመሪያው ቁጥር ድምፁን እንዳለ ጽፎ፣ በሚቀጥለው ቁጥር «ተክል» ብሎ ብቻ አለፈው። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በላቲኑ የጥድ ወገን አደረገው፤ የሉተር ጀርመንኛና የ1611ዱ እንግሊዝኛም ተከተሉት። የአማርኛው ምርጫ ከሄሮኒሞስ ይልቅ ለበረሃው የቀረበ ይመስለኛል። የእኛ አንባቢ ጥድ ሲባል የቤተ ክርስቲያን አጸድና ረዥም ግንድ ይታየዋል። ክትክታ ሲባል ግን የሚታየው በተራቆተና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ድርቅ ችሎ የሚበቅል፣ ለማገዶና ለአጥር የሚቆረጥ፣ ማንም ለጥላው ብሎ የማይተክለው ቁጥቋጦ ነው። ከሰው ሁሉ የተለየ ነቢይ የወደቀበት ቦታ እንዲህ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «የአተር ቤተሰብ ከሆነ ለምን ከዚያው ቤተሰብ አገርኛ ቁጥቋጦ አልተመረጠም? ድግጣ አለልን» የሚል ነው። ድግጣ በእርግጥ የቤተሰቡ አባል ነው፤ ቢጫ አበባውና ጠፍጣፋ የፍሬ ቆባው ይመሰክራሉ። ነገር ግን ድግጣ ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ሮቴም ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅጠል፣ በአረንጓዴ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ብርሃን እየተመገበ የሚኖር ነው። የፍሬው ዝምድና ለዕፅዋት ሊቅ ይታየዋል፤ ጥላ ለሚፈልግ መንገደኛ ግን የሚታየው ቅጠሉ ነው። በእርግጥ ክትክታም ቅጠላም ስለሆነ የጥላውን ሳሳነት ሙሉ በሙሉ አያሳይም፤ ይህ ጉድለቱ ሊካድ አይገባም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው፦ ቅዱስ መጽሐፍ ያላለውን ከማለት ሮቴም ብሎ መተው አይሻልም ወይ? ታማኝነቱ ያስመሰግናል፤ ግን አንባቢ ያላየውን ተክል በድምፁ ብቻ ሊያየው አይችልም። ግሪኩ ራሱ ድምፁን ከጻፈ በኋላ አንድ ቁጥር ሳይዘልቅ «ተክል» ወደሚል ቃል መሸሹ ለዚህ ምስክር ነው።

እውነተኛው ጉዳት የደረሰው በመዝሙር 120 (በግዕዙ ቍጥር 119) ነው። ዕብራይስጡ የሐሰተኛ ምላስ ቅጣት አድርጎ የሚጠራው የሮቴምን ፍም ነው፤ አማርኛው ግን ግሪኩን ተከትሎ የበረሃ እንጨት ብቻ ይላል። የሮቴም ከሰል ደግሞ እሳቱ ብርቱ ነው፤ በአይሁድ ሊቃውንት ትውፊትም ላዩ አመድ ሆኖ ውስጡ ለረዥም ጊዜ በሚነድ ፍሙ ይታወቃል። በኢዮብ 30፥4 የተጠቀሰው የሮቴም ሥር መራር ስለሆነ፣ አንዳንድ ተርጓሚዎች የዕብራይስጡን ቃል «ለምግብ» ሳይሆን «ለመሞቂያ» ብለው ማንበባቸውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ለኤልያስ የቀረበው እንጎቻ በትኩስ ፍም የተጋገረ መሆኑን በዕብራይስጡ ሲያነብ፣ ቁጥቋጦውና እሳቱ አብረው ይታዩታል። ቁጥቋጦው በአንዱ ቦታ ክትክታ፣ በሌላው የበረሃ እንጨት ሲሆን ግን ይህ ትስስር ይበጠሳል። ክትክታም ማገዶ ነውና መዝሙሩ ላይ በድፍረት ቢጻፍ ኖሮ ነገሩ ይገጥም ነበር። ስለዚህ ትርጉሙን የሚያርሙ ሊቃውንት ክትክታን ከኤልያስ ታሪክ ከማውጣት ይልቅ ወደ መዝሙሩም ቢያስገቡት፣ በኅዳጉም ሮቴም የሚለውን ስም ቢያኖሩ ይበጃል። እስከዚያው ድረስ የተክሉ የራሱ ስም ለአማርኛ አንባቢ ተርፎ የሚገኘው በዘኍልቍ 33፥18፣ እስራኤል ከሰፈሩባቸው ቦታዎች በአንዱ ስም ላይ ነው፤ ሪትማ።