ለአንድ ጠላት ብቻ ዝም የሚል ሰውነት

«መከላከያ አቅሜ ስለደከመ ነው የያዘኝ» የሚል ታማሚ በገጠመኝ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ ይከብደኛል። በሥጋ ደዌ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም፤ ሰውየውንም ባልሠራው ጥፋት ራሱን ያስወቅሰዋል።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ፣ የሥጋ ደዌና የቁንጭር ታማሚዎች ነጭ የደም ሴሎች ሕመሙን ላመጣባቸው ተሕዋስ ምን ምላሽ እንደሚሰጡ መመርመር ነው። የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ነው፤ የቁንጭሩ ሌሽማኒያ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ። በዝርያ አይዛመዱም። መኖሪያቸው ግን አንድ ነው፦ ማክሮፋጅ፣ ተሕዋስ ውጦ እንዲፈጭ የተመደበው ሴል ራሱ።

ሥጋ ደዌ አንዱ ሰው ላይ አንድ ሁለት የደነዘዘ፣ ነጣ ያለ ምልክት ብቻ ያወጣል፤ ከቆዳው ናሙና ቢወሰድ ባክቴሪያ አይገኝም ማለት ይቻላል። ሌላው ላይ መላ አካሉን ያዳርሳል፣ ናሙናውም በባክቴሪያ ይጥለቀለቃል። ሪድሌይና ጆፕሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን በደረጃ ከፋፈሉት። ቁንጭርም እንዲሁ ነው። በደጋው ገደላማ አገር ከሽኮኮ ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ወጥቶ፣ ውሎ አድሮ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ጥቂቶች ላይ ግን እብጠቱ ከፊት ወደ እጅና እግር ይዛመታል፤ በራሱም አይድንም። ይህን ዓይነቱን ቁንጭር እንግሊዛዊው ሐኪም አንቶኒ ብራይሰን በ1960ዎቹ መጨረሻ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በዝርዝር አጥንቶታል።

ሥጋ ደዌ የተስፋፋበት ሰው ደም ደግሞ በአንቲቦዲ የተሞላ ነው። ምን ያደርጋል! አንቲቦዲ ሴል ውስጥ የተደበቀን ባክቴሪያ አይደርስበትም። የሚያድነው ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሴል ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ምልክት ለቅቆ ማክሮፋጁን ሲያነቃው ነው።

ይህን የቲ ሴል ምላሽ ለማየት እጅ መሠልጠን አለበት። ደሙ ሄፓሪን ባለው ቱቦ ተቀድቶ ሳይውል ሳያድር ይመጣል። ፊኮል የሚባለው ፈሳሽ ላይ ሳይደባለቅ እንዲሰፍር በቱቦው ግድግዳ ቀስ ተብሎ ይንቆረቆራል። ሴንትሪፉጁ ሲጨርስ ያለ ፍሬን በራሱ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ፍሬን ከተያዘ የተለየው ንብርብር ይናወጣል። ነጭ ሴሎቹ መካከል ላይ ስስ ጉም መስለው ይታያሉ። ታጥበው፣ ትራይፓን ብሉ በተባለው ቀለም ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ሰማያዊ የሆነው የሞተው ነው። ከዚያ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ተከፋፍለው 37 ዲግሪ ላይ ለቀናት ይቆያሉ።

ለእኔ ሙያው ያለው ጉድጓዶቹ ውስጥ የሚገባውን በመምረጥ ነው። አንዱ ምንም አይጨመርበትም። አንዱ ቲ ሴሎችን ሳይመርጥ የሚቀሰቅሰው ፒኤችኤ ይገባበታል። አንዱ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ፣ አንዱ ደግሞ ፒፒዲ፣ ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተጣራው ፕሮቲን። አዲስ የሚገቡ ባልደረቦች ይህ የመጨረሻው ትርፍ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ሥጋ ደዌ የተስፋፋባቸው ሰዎች ሴሎች ለራሱ ለባክቴሪያው ዝም ብለው፣ ለቅርብ ዘመዱ ለነቀርሳው ግን ብዙ ጊዜ በብርታት ይመልሳሉ። የደከመ መከላከያ እንዲህ አይመርጥም።

ዝምታውም ሁልጊዜ የማይቀለበስ አይደለም። አበበ ሐረገወይን ከቶሬ ጎዳልና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሌሎች ቲ ሴሎች ያደጉበት ፈሳሽ ሲጨመርላቸው ዝም ያሉት ሴሎች ምላሽ መስጠት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ባክቴሪያውን የሚያውቁት ሴሎች አልጠፉም ነበር፤ የጎደላቸው ከሌላ ሴል የሚመጣው ምልክት ነው። ይህ ሥራ ከአዲስ አበባው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም መውጣቱን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አላልፍም።

አንድ አረጋዊ ይህን ሳስረዳቸው «ታዲያ ልጄ፣ የሚቀሰቅሰውን መርፌ ስጠኛ!» አሉኝ። «አባባ፣ ባክቴሪያው ነርቭዎ ውስጥም ተደብቋል፤ መከላከያዎ በኃይል ከነቃ ከነርቩ ጋር ነው የሚያወድመው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። እውነትም በሕክምና ወቅት ያለ መርፌም ይህ ይደርሳል፤ ባክቴሪያው በመድኃኒት እየሞተ ሳለ መከላከያው ድንገት ይነሣና በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅ ወይም እግር ሊያዝል ይችላል። እኔ በሳህን ላይ «ጥሩ ምላሽ» ብዬ የምመዘግበው ያው ኢንተርፌሮን ጋማ በዚያ ነርቭ ውስጥም ይገኛል። ስለዚህ ለታማሚዎች ስለ መከላከያ «ማጠንከር» አልነግራቸውም። የምነግራቸው ምልክቱ ድንገት ከቀላና ካበጠ፣ ክርናቸው አካባቢ ካመማቸው፣ ወይም ጣታቸው ከዛለ፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ጉዳቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ከተጀመረ ነርቩ የማገገም ዕድሉ የተሻለ ነው።