ተካፋዩ ማን ነው? በጀማሪ ተማሪዎች የሒሳብ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ባለው የሒሳብ ትምህርት የሚሠራባቸውን የአማርኛ ስያሜዎች መመርመርና ስለ አመራረጣቸው ሒስ ማቅረብ ነው። ስያሜዎቹ በአመዛኙ የቋንቋውን የርባታ ሥርዓት ጠብቀው የተበጁ ስለ ሆኑ በቃል አመሠራረታቸው ብቻ የሚነቀፉ አይደሉም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ስያሜው የሰባት ዓመት ልጅ ከቤቱ ይዞት የመጣውን አማርኛ ያግዘዋል ወይስ ይጻረረዋል የሚለው ነው።

ለምርመራችን መነሻ ያደረግነው በደቡብ ጎንደር፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ካለው ከጣራ ገዳም አንሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ባለው ደጋ የሚነገረውን አማርኛ ነው። ይህን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። እዚህ ሕፃኑ በቤቱ የሚናገርበትና በትምህርት ቤት የሚማርበት ቋንቋ አንድ ነው። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ልጅ በአማርኛ ሒሳብ ሲማር ቢሰናከል ምክንያቱ የቋንቋው እንግድነት ነው ሊባል ይችላል። የጣራ ገዳም ልጅ ግን በገዛ ቋንቋው ሲሰናከል ከተገኘ፣ ጥፋቱ ከስያሜው ወይም ከአቀራረቡ እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

1. ስያሜዎቹ የመጡበት መንገድ

አማርኛ የሒሳብ ቃል የጎደለው ቋንቋ አልነበረም። «ሒሳብ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም የማስላቱ ሥራ በቤተ ክህነት ትምህርት የቆየ ነው። የባሕረ ሐሳብን አሠራር ብንወስድ፣ የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 29 ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር 30 ነው። አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው «ገደፈ» የሚለውን ግሥ ነው። ትርጉሙ ጣለ፣ አስወገደ ማለት ስለ ሆነ፣ ተማሪው ሠላሳ ሠላሳውን እየጣለ የተረፈውን ሲይዝ ቃሉ የሚያደርገውን ሥራ ይነግረዋል። ስያሜው ከድርጊቱ ተወልዷል ማለት ነው።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ስያሜዎች ግን ብዙዎቹ የተወለዱት ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ትርጉም ነው። አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ሥራው ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ የሙያ ቃላትን ሥራ ሲይዝ፣ የአራቱ መደብ ስያሜዎች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራባቸው ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ማስላትንም ይዞ በየገጠሩ ገባ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሆነ በ2015 ዓ.ም. መተግበር የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ብዙ ነገር ቢለውጡም፣ ዋና ዋናዎቹ ስያሜዎች ሳይነኩ ቀጥለዋል።

2. «ተካፋይ» እና «አካፋይ»

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የማካፈል ስያሜ ነው። የደብረ ታቦር በዓል፣ ማለትም ቡሄ፣ በነሐሴ 13 ቀን ሲከበር ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ጨፍረው ሙልሙል ይቀበላሉ፤ በኋላም የተገኘውን ይካፈላሉ። አራት ልጆች አሥራ ሁለት ሙልሙል አገኙ እንበል። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ያካፍላል፤ ለያንዳንዳቸውም ሦስት ሦስት ይደርሳቸዋል። በልጆቹ ቋንቋ አካፋዩ ታላቅየው ነው፤ ተካፋዮቹ አራቱ ልጆች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ሦስት ሙልሙል ነው።

መማሪያ መጽሐፉ ይህንኑ ሥራ 12 ÷ 4 = 3 ብሎ ይጽፍና 12ን ተካፋይ፣ 4ን አካፋይ፣ 3ን ድርሻ ይለዋል። እንግዲህ ከሦስቱ ቃላት ልጁ እንደሚያውቀው ሆኖ የተገኘው «ድርሻ» ብቻ ነው። ተካፋዮቹ ልጆች አካፋይ ተብለዋል፤ ሙልሙሉ ደግሞ ተካፋይ ሆኗል። በዕለታዊው አማርኛ ተካፋይ ማለት ድርሻ የሚደርሰው ሰው እንጂ የሚታደለው ነገር አይደለም፤ «የስብሰባው ተካፋዮች» ስንል ስብሰባውን ማለታችን አይደለም።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ተደመረ፣ ተቀነሰ፣ ተባዛ የሚሉት ግሦች ተደራጊዎች ስለ ሆኑ ተደማሪ፣ ተቀናሽና ተባዢ ድርጊቱ የደረሰበትን ቁጥር ያለ ችግር ያመለክታሉ። ቃል አውጪዎቹ በዚሁ ምሳሌ «ተካፋይ»ን ያበጁ ይመስላል። ነገር ግን «ተካፈለ» በመሠረቱ ተደራጊ ሳይሆን ተደራራጊ ግሥ ነው፤ ባለቤቶቹ እርስ በርስ የሚያደርጉትን ይገልጻል። እውነተኛው ተደራጊ «ተከፈለ» ነበር፤ ይህ ደግሞ ዛሬ ለገንዘብ ስለ ዋለ «ተከፋይ» ቢባል ሌላ ችግር ያመጣ ነበር። እንዲህ ስለ ሆነ ምሳሌው ከላይ ሲታይ የተስተካከለ፣ በትርጉም ግን የተገለበጠ ስያሜ አስገኘ።

በዚሁ ርእስ አንድ ሌላ ነገር መጨመር ይገባል። ማካፈል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አሥራ ሁለቱን ለአራት ልጆች ማደል ነው፤ የሚጠየቀው የአንዱ ድርሻ ነው። ሁለተኛው አሥራ ሁለቱን አራት አራት አድርጎ መመደብ ነው፤ የሚጠየቀው ስንት ምድብ እንደሚወጣ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት በሰዋስዉ ይዞታል፤ ለመጀመሪያው «ለ» የሚለውን መስተዋድድ፣ ለሁለተኛው ቁጥሩን መደጋገም ይጠቀማል። መጽሐፉ ግን ሁለቱንም «12 ሲካፈል ለ4» ብሎ ያስነብባል። ቋንቋው በነጻ የሰጠው እርዳታ እንዲህ ሆኖ ይባክናል።

3. ምልክትን በቃል ማንበብ

5 − 2 = 3 የሚለው በየክፍሉ «አምስት ሲቀነስ ሁለት እኩል ይሆናል ሦስት» ተብሎ ይነበባል። ይህ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል በአማርኛ ቃላት ለብሶ የቀረበ ነው። በአማርኛ «አምስት ሲቀነስ» ከተባለ የሚቀነሰው አምስቱ ነው፤ ሰሚውም «ከስንት ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። በአዲስ ዘመን ገበያ ቆሎ የምትሸጥ እናት «ከአምስት ብር ሁለቱ ቢወጣ ሦስት ይቀራል» ትላለች እንጂ በሌላ አኳኋን አትናገርም። ልጇም ከእርሷ የሰማው ይህንኑ ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። «ከአምስት ሁለት ሲቀነስ ሦስት ይሆናል»፣ «አምስት ላይ ሁለት ሲጨመር ሰባት ይሆናል» ቢባል፣ የአሐዞቹ ቅደም ተከተል በሰሌዳው ላይ እንደ ተጻፈው ይቆያል፤ ቦታውን የሚለውጠው ግሡ ብቻ ነው። ዐይኑ አምስትን፣ ሁለትንና ሦስትን በተራ ያያል፤ ጆሮውም በዚያው ተራ ይሰማል። የእኩልነት ምልክት የሁለት ወገን መመጣጠን መሆኑ በሚዛን ሲታይ ደግሞ «ከሦስት ጋር እኩል ነው» ማለት ይቻላል፤ እዚህም ግሡ በመጨረሻ ላይ ይውላል። ከምልክት ወደ ምልክት እየዘለሉ ማንበብ ለከፍተኛ ክፍል የቃል ጽሕፈት ይጠቅም ይሆናል፤ ለጀማሪ ግን ትርጉም የሌለው ዜማ ነው።

4. ሌላ ባለቤት ያላቸው ቃላት

«የአምስትና የሦስት ልዩነት ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሕፃን ግራ የሚያጋባ ነው። ልዩነት በቤት ውስጥ አለመመሳሰል ወይም አለመስማማት ነው፤ ስለዚህ «አምስት ትልቅ ነው» ብሎ ቢመልስ ለተጠየቀው መልስ ሰጥቷል። «አምስት ከሦስት በስንት ይበልጣል?» ቢባል ግን ጣቱን ቆጥሮ ሁለት ይላል። ከዚህ ግሥ የሚወጣው «ብልጫ» የተባለው ቃል ዝግጁ ሆኖ ሳለ «ልዩነት» የተመረጠው የእንግሊዝኛው ቃል ስለ ተተረጎመ ነው።

«ሙሉ ቁጥር» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሕዝቡ አነጋገር ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ሙሉ ሲባሉ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ጎደሎ ይባላሉ። በመጽሐፉ ግን ሙሉ ቁጥር ማለት ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር ስለ ሆነ ሦስትም ሙሉ ሆነ። ለሕዝቡ «ሙሉ» እና «ጎደሎ» ምትክ የገቡት «ተጋማሽ» እና «ኢተጋማሽ» ናቸው። «ተጋማሽ» መልካም ስያሜ ነው፤ ጠጠሩን ለሁለት እኩል ለከፈለ ልጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው። «ኢ» የተባለው የግእዝ አፍራሽ ግን የሕፃን ቋንቋ አይደለም፤ «የማይጋመስ» ቢባል ያው ሐሳብ ያለ አስተርጓሚ ይገባል።

ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን የተሳካውንም ማንሣት ተገቢ ነው። «የአንድ ቤት»፣ «የአሥር ቤት»፣ «የመቶ ቤት» የሚሉት ስያሜዎች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። በግእዙ አሐዝ ሃያ አንድ ፳፩ ተብሎ እንደሚነገረው ይጻፋል፤ ሃያ የራሱ ምልክት አለው፤ ዜሮም አያስፈልግም። በ21 ግን 2 ሃያ የሆነው በቆመበት ቦታ ምክንያት ነው። ይህን ረቂቅ ነገር «ቤት» የሚለው ቃል ለሕፃኑ ያቀርብለታል፤ በቤቱ የሚኖር ከሌለ ቤቱ ባዶ እንደሚሆንና ምልክቱም ዜሮ እንደሆነ ለማስረዳት ያመቻል።

5. ክፍልፋዮች

በክፍልፋዮች ረገድ የተዘነጋው ሀብት እጅግ ብዙ ነው። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፣ እርቦ፣ አስራት የሚሉት ቃላት በእርሻ ድርሻና በግብር ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ የሚያሳርስ ቤተሰብ ልጅ፣ ሲሶ ከእኩል እንደሚያንስ በአውድማ ላይ ተምሯል። ከነዚህ ለሚያልፈው ደግሞ ቋንቋው «ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ» የሚል አነጋገር አለው። በዚህ አነጋገር መጀመሪያ ጠቅላላው ስንት ቦታ እንደ ተከፈለ፣ ቀጥሎ ስንቱ እንደ ተወሰደ ይነገራል።

ትምህርት ቤት «ሁለት ሦስተኛ» ይላል። «ሦስተኛ» ግን ለልጁ የማዕርግ ቁጥር ነው፤ ሦስተኛ የወጣ ተማሪ፣ ሦስተኛ ክፍል እንደሚባለው። አንድ ሦስተኛ ከአንድ አራተኛ ይበልጣል ሲባል፣ ሦስተኛ የወጣው ከአራተኛው ይቀድማልና ነው ብሎ ቢያስብ መልሱ ልክ፣ ምክንያቱ ግን ስሕተት ይሆናል። የላይኛውና የታችኛው አሐዝ ስያሜዎች፣ «ላዕል» እና «ታህት»፣ ከግእዝ የተገኙ ሲሆኑ የሚናገሩት አሐዙ በወረቀት ላይ የተቀመጠበትን ስፍራ ብቻ ነው። የላቲኑ ስያሜዎች እንኳ አንዱን ቆጣሪ፣ ሌላውን ሰያሚ ብለው ሥራቸውን ይገልጻሉ።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። ኮሪያኛ ሁለት ሦስተኛን «ከሦስት ክፍል ሁለት» በሚመስል አነጋገር ይጠራል። አይሪን ሚዩራና ባልደረቦቿ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኮሪያ ሕፃናት ክፍልፋይን ቀድመው መረዳታቸውን ከዚህ አጠራር ጋር አያይዘውታል። ፓይክና ሚክስ በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን መደምደሚያ ተቃውመዋል፤ ሆኖም ለአሜሪካ ሕፃናት በእንግሊዝኛው ቃል ፈንታ ክፍሉንና ጠቅላላውን የሚያሳይ አጠራር ሲሰጣቸው ውጤታቸው ከፍ ማለቱን እነርሱም አሳይተዋል። አማርኛ ያን አጠራር ከውጭ መዋስ አያስፈልገውም፤ በአፉ አለው።

6. ተቃውሞዎችና አስተያየት

ከዚህ በላይ በተባለው ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ የአንድ አካባቢ አነጋገር ለጠቅላላው አማርኛ ተናጋሪ ደንብ ሊሆን አይገባም የሚል ነው። ይህ ለ«ሲሶ» እና ለ«እርቦ» በከፊል እውነት ነው፤ የከተማ ልጅ ላያውቃቸው ይችላል። ግሡ በመጨረሻ መዋሉና «ተካፋይ» ድርሻ የሚደርሰው መሆኑ ግን የደቡብ ጎንደር ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በሸዋም በወሎም በጎጃምም ያው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ብዙ ትውልድ የተማረባቸውን ስያሜዎች መለወጥ ሁከት ያመጣል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ስያሜዎቹን መሻር ሳይሆን በየደረጃቸው ማስቀመጥ ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ. እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ትምህርቱ በግሥና በጥያቄ ይሰጥ። ልጁ «ለስንት ይካፈላል? ድርሻው ስንት ነው? ስንት ተረፈ?» የሚለውን በሚገባ ሳይመልስ ተካፋይና አካፋይ የሚሉትን ስሞች በቃሉ እንዲይዝ አይገደድ። በአራተኛ ክፍል ስያሜው ሲመጣ «የሚካፈለው ቁጥር» የሚለው ሐረግ ይቅደም።

ለ. ማናቸውም አዲስ የሒሳብ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በሦስት ነገር ይፈተን፤ በሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባቱ፣ በዕለታዊው ቋንቋ የሚቃረን ትርጉም የሌለው መሆኑ፣ ሕፃን በእጁ ከሚሠራው ሥራ ጋር መያያዙ ይታይ። «ድርሻ» እና «የአሥር ቤት» ሦስቱንም ያልፋሉ፤ «ተካፋይ» እና «ልዩነት» በሁለተኛው ይወድቃሉ።

ሐ. ክፍልፋይ ሲጀመር «ከአራት እጅ ሦስቱ» የሚለው አነጋገር ይቅደም፤ «ሦስት አራተኛ» የሚለው የጽሕፈት አጠራር ይከተለው።

መጻሕፍቱን የሚተረጉሙና የሚያርሙ ባለሙያዎች ይህን ሥራ ቀላል አድርገው እንዳያዩት እንለምናለን። ለአዋቂ የተሳሳተ ስያሜ የመዝገበ ቃላት ነቁጥ ነው፤ አዋቂው ትርጉሙን ከሌላ ያገኘዋል። የጣራ ገዳም ልጅ ግን «ተካፋዩ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አራቱ ልጆች» ቢል በደብተሩ ላይ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ሙልሙሉን ያለ ስሕተት ያካፈለው ልጅ ሒሳብ እንደማይችል ይማራል። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ከማናቸውም ስያሜ አስቀድሞ የማካፈሉ ምዕራፍ ታርሞ እንዲወጣ እንጠይቃለን።